መልስ

አራት ዓመት ሙሉ ስድስት ኪሎ ቁጭ ብዬ፣
ስለ መኖር ትርጉም ሦስት ደብተር ጨርሼ፣
ዲግሪዬን ጠቅልዬ፣
ይኸው ፒያሳ ነኝ፣ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ዝናቡን ለብሼ።

«ሁለት አካል ባንዴ አንድ ስፍራ አይይዝም»
ብዬ መልሼ ነበር፣ ፈተናውን ደፍኜ፤
ታረቀኝ ረዳቱ «ጠጋ በሉ!» ብሎ
አራተኛ አረገኝ በሦስት ሰው ወንበር፣ ግማሼ ተንጠልጥሎ።

አጠገቤ ያሉት እናት፣ የራጅ ፖስታ እንደ ሕፃን ታቅፈው፣
«መልሴስ?» አሉት።
«ይታገሱኝ እማማ፣ ሁሉም ድፍን ነው።»

ሁሉም ድፍን ነው።
እኔም ያነበብኩት፣ ያሰመርኩበት ሁሉ
መቶ መቶ ብር ነው፤
ዝርዝር የለኝም እንዲህ ላለው ቀን፣
ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ጉልበቴን እየነካ።

ጥቁር አንበሳ ጋ «ወራጅ አለ!» አሉ።
ልጁ ኪሱን ዳበሰ፤ አምስት ብር ጎደለ።
«ተወው፣ ዛሬ የምጠብቀው ሌላ መልስ ነው» ብለው፣
ፖስታውን በነጠላ ከዝናብ ከልለው
ወረዱ።

«አይዞዎት» እንኳ አላልኩም።

ለገሃር ስንደርስ፣ «ወንድም፣ መልስህን!» አለኝ፣
መዳፌ ላይ ጨበጥ አድርጎ።
ቆጠርኩት።
አምስት ብር ይበልጣል።
ቀና ስል፣ ታክሲው የለም።