አሥራ አራት ሰከንድ

ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ ካጨበጨብኩ እኔ፤
እጄ ተይዞ ነው፣ አይደለም መጨከኔ።
ሰው ሁሉ ሲቀልጥ፣ እኔ ቀጥ እላለሁ፤
ክርኔን ከጎኔ ጋር አጣብቄ አስራለሁ፤
ምስሉ እንዳይናወጥ፣
በዘፈን መካከል መተንፈስ እተዋለሁ።
ይኸው ነው ሥራዬ፤
የሌላ ሰው ደስታ፣ ሳልነካው መያዝ።

ሐዋሳ ሲመሽባት፣ ከሐይቁ እርጥበት ተነስቶ፣
የመብራቴን ወሬ ትንኙ ሁሉ ሰምቶ፣
ሌንሴ ላይ ይሰፍራል፤
በሸሚዜ ጫፍ እጠርጋለሁ።
«ቪዲዮ!» ነው የሚሉኝ፤ ስም እንዳለኝ ረስቻለሁ።
«ቪዲዮ፣ ዞር በል እስቲ!»
«ቪዲዮ፣ አጎቴን አንሳው!»
«ቪዲዮ፣ እራት በላህ?»
ይህቺን የጠየቀኝ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ሁለት ሰው ነው፤
አንዱም ሰክሮ ነው።

ብዙ እግር አውቃለሁ፣ ፊቱን የማላውቀው፤
ከጉልበት በላይ ያለውን፣ ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ።
አውቃለሁ ኪቦርዲስት፣ ልጁ ታማ ስልክ የሚጠብቅ፣
ዓይኑ ሆስፒታል ሄዶ፣ ጣቱ ሠርግ የሚያሞቅ።
አውቃለሁ ተወዛዋዥ፣
በአንድ ምሽት፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ስምንት ቀሚስ የቀየረች፣
ዘጠነኛው ላይ ግራ ገብቷት፣
«አሁን የት አገር ነኝ?» ብላኝ የሳቀች።

ጉዱማሌ ሜዳ፣ በፊቼ ጨምበላላ፣
ቄጣላው ሲቃረብ፣ የድምፅ መለኪያዬ በቀይ ተሞላ።
አንድ ሽማግሌ፣ ጦሩን እንደያዘ ከሰልፉ ወጣና፣
እንደ ጉድጓድ ውኃ፣ ወደ ሌንሴ ውስጥ አጎነበሰና፣
«ልጄ» አለኝ፣ «እዚህ ከገባን በኋላ፣ በየት ነው የምንወጣው?»
አፌን እስክከፍት፣ ሰልፉ ተመልሶ ከፊቴ አወጣው።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ከአሞራ ገደል ወዲህ፣ በቡሪሶ ሠርግ፣
ከምሽቱ ሦስት ተኩል፣ ገና ሳይቆረስ ኬኩ፣
መብራት ድርግም አለ። ኪቦርዱ ተዘጋ፣ ዲዳ ሆነ ማይኩ።
ጄኔሬተሩን የሚያውቀው ልጅ፣ ቁልፉን ይዞ ሄዷል።
ወንበር ይንኳኳል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣
በአዳራሹ ሙሉ አንዲት መብራት ቀረች፣
ካሜራዬ አናት ላይ፣ ባትሪዋ ሊያልቅ አንድ መስመር የቀራት።
ሰዉ ወደ እሷ መጣ፣ ልክ እንደ ትንኙ።
«ቪዲዮ፣ እንዳታጠፋት!»

ያኔ ብርቅነሽ፣ የሙሽሪት አክስት፣
ባዶ ጀሪካን አንስታ፣
በመዳፏ መታ መታ፣
ምቱን ዳበሰችው፣ ቁልፍ በቦርሳ ውስጥ እንደሚፈለገው፤
አንዴ አጣችው፣
ደግሞ አጣችው፣
አገኘችው።
አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ።
ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆንኩ መናገሩ ያሳፍረኛል፤
ትከሻዬ ነው መሰለኝ፣ ሳያስፈቅደኝ ሄዷል።

ቤቴ ገብቼ፣ ሌሊት፣ ኤዲት ሳደርግ አገኘሁት።
አሥራ አራት ሰከንድ፤
ወለል፣ ጣሪያ፣ የሆነ ልጅ ጫማ፣ ክሩ የተፈታ፣
የሙሽራው ግማሽ፣
የብርሃን ጭረት፣ እንደገና ጣሪያ።
ቡሪሶ ሲያየው፣ «ምንድን ነው ወንድሜ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ?» አለኝ።
«መብራት ሲሄድ ነው» አልኩት። አላመነም፤ አምስት መቶ ቀነሰብኝ።

ቆርጬ አወጣሁለት። እኔ ግን አልጣልኩትም።
አንዳንዴ ሥራ ጠፍቶ፣ ታቦር ጫፍ ላይ ዝናብ ሲያጉረመርም፣
ስክሪኑን አዙሬ፣ ድምፁን ብቻ እከፍታለሁ።
ጀሪካኑ አለ። ጭብጨባው አለ።
ብርቅነሽ፣ «በሉ እንጂ!» ትላለች።
ከሁሉም ቀርቦ ግን፣ ከማይኩ ጥግ፣ ከጆሮዬ ሥር፣
ዳገት እንደወጣ፣
አንድ ሰው ይተነፍሳል።
ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤
እስኪጠግብ ድረስ፣ ኮሽታ ሳላሰማ እጠብቀዋለሁ።