ከደሴ እስከ ደሴት

ከደሴ እስከ ደሴት ምን ያህል ይርቃል?
ይመር ይህን ጠይቆ ቀድሞን ይስቃል።
«አንዲት ፊደል ናታ! ጫፏ ላይ አንድ ‹ት›፣
በሚኒባስ ሲኬድ ግማሽ ግድም ሰዓት።»
ቀልዱን ካምና ጀምሮ ሰምተን ሰልችቶን፣
ጢጣን ሳናልፍ ግን እንደ አዲስ አሳቀን።

አራት ነን።
ይመር ጋቢና ነው፣ ወሬው እስከ ኋላ፤
ዘርትሁን በመስኮት ከነፋስ ስትጣላ፤
እኔ ድስት፣ ሎሚና ቃሪያ በዘንቢል፤
ጦይባ ከጭኗ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል።
«ምንድን ነው?» ስንላት «ቆዩ» ነው መልሷ።
ስድስት ዓመት ጅዳ ኖራ መመለሷ፣
ገና ሦስት ወሩ ነው። ወርቅ አላመጣችም፤
ስለዚያም አገር ብዙ አላወጋችም።

ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ነበረች፤
ውሃዋን ከጀርባ ሸሽጋ ያዘች።
ጀልባው ላይ ወጣንና፣ «ወደ ደሴቱ!» ስንለው፣
ቀዛፊው ጋሽ እንድሬ ሳቀ።
«ደሴትማ ዱሮ ነው። ዛሬ በእግር ይገባል፤
ውሃው ሸሽቶ ሸሽቶ፣ መሬቱ አንገት አበቀለ።»

የይመርን ፊት ያን ጊዜ ብታዩት!
«ታዲያ ‹ት›ዋን ማን ወሰዳት?»
ሽማግሌው ትከሻውን ሰብቆ፣
«እዚያው ናት፤ ከሥር፤ ይፈልጋት ጠላቂ፣» አለ መቅዘፊያውን አጥልቆ።

ገዳሙ ከነዛፉ በግራችን አለፈ፣
ጥላው ውሃው ላይ እንደ ጥቁር ጋቢ ተነጠፈ።
ሴት አይገባበትም። ዘርትሁን ካለችበት ተሳለመች።
«እናንተ ግቡ፣ እኛ እንጠብቃለን» አለች።
ይመር፦ «አራት ሆነን መጥተን?» ብሎ ተቀመጠ፤
ጀልባውም ወደ ጥልቁ አቀና፣ ጸጥ ረጭ ባለው ላይ ቀዘፈ።

እዚያ ነው ፌስታሉ የተፈታው።
የመጥለቂያ መነጽር፣ ጎማው የተሰነጠቀ፣
ብርቱካንማ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ጫፉ በጥርስ የታኘከ።
«የማዳም ልጆች የጣሉት ነው።
ዓርብ ዓርብ ቀይ ባሕር ይወርዱ ነበር።
እኔ ጫማ እጠብቃለሁ፣ ፎጣ እይዛለሁ፤ አሸዋው ይፋጃል።
ፊታቸውን ነክረው ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል፤
ሲወጡ ‹ቢጫ ዐሣ፣ ሰማያዊ ዐሣ› ይላሉ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ባሕር በወሬ አየሁ።»

ሻሿን አጠበቀች። ቢስሚላህ አለች።
ከነቀሚሷ ገባች።

ቱቦው ብቻ ቀረ፣ ውሃውን እየሰነጠቀ፣
እንደ ዳክዬ አንገት ወዲያ ወዲህ እያለ።
ቆጠርን። መቶ ደረስን። ዘርትሁን ከንፈሯን ነከሰች።
ጦይባ ብቅ አለች።
«ምን አየሽ?»
«አረንጓዴ። ሣር።
አንድ ግራጫ ዐሣ፣ እኔን ሊያይ የቆመ።
የገዛ እግሬን።»
ትንፋሿን ሰብስባ፣ ድንገት እንደ መባነን፦
«ጫማዬስ?»

ይመር ጭኑ ላይ ነበር።
ሳያውቀው፣ በሁለት እጁ ይዞት፣
የሚለው ቀልድ ጠፍቶት።

ከዚያ ተራ በተራ ጠለቅን።
ይመር በጢሙ በኩል ውሃ ገብቶ የሐይቁን እኩሌታ ጠጣ፤
ዘርትሁንን ለምነን ነው ያወጣናት፤
እኔ ድንጋይ ብቻ አየሁ፣ ግን ምን ያለ ድንጋይ!

ዳር ላይ ቆሮሶ ገዛን፣ ገና የሚንፈራገጥ።
ጎኑን በቢላ ተልትለን ዘይት ውስጥ ጣልነው፤
ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ጋሽ እንድሬ ከኪሱ ያወጣው ጨው።
ዐሣ እየበላ የሚያወራ የለም፣ እሾሁ ያስፈራል፤
ይመር እንኳ ዝም አለ፤ ምስጋና ለእሾሁ ይገባል።
ጭንቅላቱን ለጦይባ ተውንላት፣
ዓይኑን ፈልቅቃ፣ «ይኸኛው አይቶኛል» ብላ ሳቀችበት።

ሲመሽ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ተቆጣ፦
«ይኸ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የመጣ?
ወንበሬን አራሳችሁት!»

ጦይባ ጫፉ የሚንጠባጠብ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣
ጥቁሩን ፌስታል ከጎኗ አስቀመጠች፣
ለአምስት ሰው የሚበቃ ሂሳብ ዘረጋችለት፦
«ሐይቁ ነው፣ ወንድሜ። አንድ ሰው ቁጠርበት።»