ካቻቪቴ በጥርስ

በጭያቱራ ከተማ ዝናብ ጠቁሮ ይወርዳል፤
የማንጋኒዝ ትቢያ ከጣሪያ ላይ ይጠርጋል።
የኢፖሊቴ ጋራዥ ከድልድዩ ሥር ናት፦
አንድ የብረት በር፣ ሦስት የተሰበረ መስኮት፣
ግድግዳው ላይ ቺንጋ፣ መሬቱ ላይ ዘይት።

ጺሳና መጣች፣ አዋላጅ ናት ሥራዋ፣
ከነጭ ላዳ ኒቫዋ፣ ከነኳኳታዋ።
በጣቷ መሪውን፣ በምላሷ ላንቃዋን መትታ
አሰማችን በአፏ የሞተሩን ኳኳታ።
«ቀዝቃዛ ሲሆን ዝም፤ ሲሞቅ ነው የሚብስ፤
ዳገት ላይ ስረግጠው እስከ ጥርሴ የሚደርስ።
ከላይኛው መንደር የደረሰች አለች፤
ዛሬ ነገ ስትል ማታ ትወልዳለች።»

ደጃፍ የሚውሉት ጡረተኞች ሁሉ፣
ከጉድጓድ የወጡ፣ ዶሚኖ የሚጥሉ፣
ዳኝነት ሊሰጡ ከበቡን ዙሪያውን።
አንዱ «ፑንቴሪያ» አለ፤ አንዱ ወቀሰ ቤንዚኑን፤
ሦስተኛው «ፒስቶን ነው፤ የወንድሜም እንዲሁ ሲል ሲል ነው የሄደው»
ቢል፣ «ወንድምህ ወይስ መኪናው?» ብሎ አራተኛው ሳቀ።

ኢፖሊቴ ግን ዝም።
ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣
ረጅም ካቻቪቴ ከሳጥኑ ፈልጎ፣
ጫፉን ከሞተሩ ጎን አስደግፎ ሲያበቃ፣
እጀታውን ነከሰው፤ ዓይኑን ጨፈነ በቃ።

ሌላ መካኒክ ቢሆን በጆሮው ያዳምጣል፤
እሱ ግን በጥርሱ ነው። «ጥበብ ነው» ይባላል።
እኔም ዘጠኝ ወር ሙሉ ጥበብ ነው ብያለሁ፤
ማታ ማታ እቤቴ ማንኪያ ነክሻለሁ።

«ጋዝ ስጫት... ልቀቂያት... እንደገና ስጫት።»
ድምፁ ከላይ አይደል፤ ከሆድ ነው፣ ከጥልቀት፣
እንደ ተቆለፈበት ሰው፣ ምድር ቤት፣ በሌሊት።
«ቢጪኮ፣ ከፊቴ ቁም፤ መብራቱን ያዝልኝ።»
ሁሌም እንዲህ ይላል፤ ለምን እንደሁ ሳይነግረኝ።

ከዚያ የካንዴላውን ገመድ በተራ ነቀለ።
ሕጉ ይኸው ነው፦ ያንዱ ሲነቀል ኳኳታው ከቀለለ፣
የዚያ ቢዬላ ነው፣ ብሮንዙ የተበላ፤
ካልቀለለ ደግሞ ፍለጋው ወደ ሌላ።

አንደኛውን ሳበ። ያው ነው፤ ያንኳኳል።
ሁለተኛውን ሳበ። ሞተሩ ይንገዳገዳል፤
ኳኳታው አልተወም።
ያኔ ነው ያየሁት፦
ኢፖሊቴ ዓይኑን ከሞተሩ አንሥቶ
ፊቴን ነው የሚያየው፣ ቅንድቤን አጥንቶ፤
ስኮማተር ያውቃል አሁንም እንዳለ፣
ግንባሬ ሲፈታ ድምፁ እንደ ቀለለ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓለት ሲሰረስር
የመሰርሰሪያው ጩኸት ጆሮውን ሲመዘብር፣
ጥርሱ ንዝረት እንጂ ድምፅ አይለይ ኖሮ፣
ዘጠኝ ወር ሙሉ እኔን አርጎኝ ኖሯል ጆሮ።

ሦስተኛውን ሳበ።
ሞተሩ በሦስት እግሩ እያነከሰ፣
ያ ከሆድ የሚመጣው ቡጢ ግን ቀነሰ።
ፊቴን ያዝኩት እኔ፣ እንደ ግንብ አረግሁት፤
በክፋት አይደለም፤ ያውቅ እንደሁ ላየው ነው።
ዓይኑን ግን አልቻልሁት።
ውጤት የሚጠብቅ፣ ሐኪም ፊት እንዳለ፣
«ንገረኝ፣ ልጄ» አለ፣
በዓይኑ ነው ያለው።

ግንባሬን ፈታሁት።

«ሦስተኛው ቢዬላ!» ሲል ወደ ሰዉ ዞሮ፣
ጡረተኞቹ በአንድ አፍ «አቤት፣ አቤት ጆሮ!»
ለጺሳና የራሱን ኦፔል ቁልፍ ሰጣት፤
«ሦስተኛ ማርሽ ታስቸግራለች፤ አትቆጫት» አላት።

ማታ ከሥር ገብተን የዘይት ቋቱን ስንፈታ
ብሮንዙ ወጣ፣ ሳስቶ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፤
በዘይቱ ውስጥ ወርቅ መሳይ ብናኝ ሲብለጨለጭ።
መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጠና፣
«ሲያልቅ የሚናገር ደግ ነው» አለ፣ ዝግ ብሎ፤
«በዝምታ የሚያልቅም አለ።»

የብረቱ በር ተንኳኳ።
አንዴ። ሁለቴ።
ኢፖሊቴ ቀና አላለም፤ ብሎን ይቆጥራል።
እኔም አልተነሣሁም።
መብራቱን ወደ ፊቴ አዞርኩና
ቅንድቤን ብቻ ወደ በሩ አነሣሁ፤
እሱም እጁን በጨርቅ ጠርጎ
«ማነው?» እያለ
ሊከፍት ሄደ።