የክርን ቦታ

ባቱሚ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
እንደ ሌላው አገር ጥሎ አይሄድም።
ነፋስም ከጥቁር ባሕር ጨው አዝሎ ወጥቶ፣
ብረት ያለበትን ደጅ ያንኳኳል ተግቶ።

ያቺ ቮልጋ ታዲያ፣ የባግራት መኪና፣
ጌታዋ ከሞተ አሥራ ሰባት ዓመት፣
ከመንደሪን ዛፍ ሥር፣ ማንም ሳይሸፍናት፣
ሰማያዊ ነበረች፤ ኖራ መስላለች፤
ከኋላ ወንበሯ ዶሮ ታቅፋለች።

ረዞ ነው የጠራኝ፣ የወንድሙ ልጅ፤
ማርሽ እንኳ አያውቅም፣ ወራሽ ነው እንጅ።
«ቅዳሜ ከትብሊሲ ገዢ ይመጣል፤
መስታወት አድርጊያት፣ ዋጋዋ ይወጣል»
አለና ሄደ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣
ጫማው እንዳይነካ ድንጋይ ድንጋይ መርጦ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርከብ ቀብቻለሁ፤
ቸልታ የሚሉትን በሽታው አውቃለሁ።

በአንድ ባልዲ ማጠብ ጭቃን ማዞር ነው፤
ሁለት ባልዲ ይዤ ጀመርኩ ከጣሪያው።
ከመስኮቷ ጎማ አረንጓዴ ሽበት
በጥርስ ብሩሽ ነቀልኩ፣ ቀኑ እስኪመሽበት።
ከዚያ እሾህን በእሾህ እንደሚባለው
ጭቃን በጭቃ ነው የማነሣው፤
አንዲት ለስላሳ ቁራሽ እንደ ሊጥ ለውሼ፣
ዳበስኳት በዝግታ ውሃ አፍስሼ።
ሻካራው ሲለቅቅ ድምፁ ይለወጣል፤
መጀመሪያ ያንሾካሹካል፣ ኋላ ዝም ይላል።

በማግሥቱ ማሽን። ነጭ ቅባት። ስፖንጅ።
ጨርቄ ሰማይ ሆነ። የሞተው ቀለም
ተልጦ ወጣ፤ ሥሩ ግን አልሞተም።
በሦስተኛው ቀን ኒኬሉን ያዝኩት፣
ዝገት እንደ ኩፍኝ ነጥብ ነጥብ ጥሎበት፤
የቸኮሌት ብርማ ወረቀት ጨምድጄ፣
ሆምጣጤ አስነክሬ፣ ከመሬት ወርጄ፣
የፍርግርጉን ጥርስ፣ የዓሣ ጥርስ ሁሉ
አንድ በአንድ ፈተግኩት፣ እስኪስቅ በሙሉ።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።
አሥራ ሰባት ዓመት ማንም ሳያያት
የተሸከመችው
በሦስት ቀን ወረደላት።

እጄን የያዙት ግን ሁለት ቦታዎች ናቸው።

አንዱ በሾፌሩ በር፣ ከመስኮቱ ጠርዝ፣ ክርን በሚያርፍበት፤
ቀለም የለም እዚያ፤ ብረቱ ራቁቱን ነው፣ የመዳፍ ግማሽ ስፋት።
ሌላው አጋዘኗ ናት፣ ኮፈኑ ጫፍ ላይ የምትዘለዋ፤
ኒኬሉ ተበልቶ መዳብ አውጥቷል ጀርባዋ።

ጎረቤቱ ናቴላ፣ አጥር ተደግፋ፣
መንደሪን ትልጣለች፣ ልጣጩን ለዶሮ እየጣለች።
«ጠዋት ጠዋት» አለች፣ «ሞተር ሳያስነሣ
ጀርባዋን ይደባብስ ነበር፣ እንደ ቤት እንስሳ።
አርባ ዓመት። ሚስቱ ትቀና ነበር።»

ረዞ ስልኩን አሳየኝ፤ አዲስ አጋዘን አለ፣ ከኩታይሲ፣ በፖስታ የሚመጣ።
«በሩንም ትንሽ ቀለም ንፊበት»፣ በጫማው ጫፍ እያመለከተ።
እንቢ አላልኩም። ዝም አልኩ።
ዝምታ በእኔ ሙያ ከማሽን ይበልጣል።

ዝገት ያላገኘውን፣ ጨው ያልደረሰበትን
ሰው በክርኑ በላው።
የተተወውንስ ፈትጌ እመልሳለሁ፤
የተወደደውን ግን ከየት አመጣለሁ?

ሰም ቀባሁበት። ሰም ነው፤ ሌላ ፍች የለውም፤
ሥሩን የቆፈረም ከመዳብ አያልፍም።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። ባትሪ አብርቶ ዞራት፤
ክርኑ ቦታ ሲደርስ ሦስት መቶ ላሪ ቀነሰባት።
ረዞም ያችኑ ሦስት መቶ ከእኔ ሒሳብ ቆረጠ።
ቮልጋዋ ወጣች፣ አጋዘኗ ከፊት፣
ዝናቡ እንደ ዶቃ ጀርባዋ ላይ እየተንከባለለ።

ጥፍሬ ሥር የገባው ሰማያዊ ግን
በሎሚም፣ በቤንዚንም
እስከ ማክሰኞ ድረስ አልለቀቀም።