ደራሽ

ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ፣
አራት ኮምፒውተር አለን፤ ገመድ የሚበላ አይጥ።
ድርጅታችን ጌም ሠራ፤ ቦርከናን እንዳለ
ከነጭቃው፣ ከነናዳው፣ ስክሪን ላይ ሳለ።

ጥልቁን ያሳየችን ጦይባ ናት፣ በጣቷ፤
የሰኔን ፈተና ሙላት የነጠቃት ከፊቷ።

ትናንት የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ መጣና
ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ፣ «እስቲ ልየው» አለና።
ተማሪ ሆኖ፣ ደብተር አቅፎ፣
ገባ፤ ወሰደው ደራሹ ጠልፎ።
ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞ ወሰደው።
በሦስተኛው፣ ጣቱን ከቁልፉ መለሰው።

«እናንተስ በየት ነው የምትሻገሩት?»
«አንሻገርም» አለች ጦይባ፣
«እስኪጎድል እንቆማለን፤
የማዶውን ደወል እየሰማን።»

መብራት ሄደ።
በጨለማው ውስጥ
ኮቱን ሲያወልቅ ሰማነው።