የካርቶን ልክ

ይታይሽ ነው ስሟ፤
ግን እግሯን ሸሽጋ በቀሚስ፣ በጥለት፣
ስንት ዓመት ቀረባት ክርስትናው፣ ሰርጉ፣ የሰንበቴው ዕለት።

ደምበጫ፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲበተን
ከሱቄ ደጅ ቆመች፣ ፈራ ተባ ስትል፣ ብቻዋን።
ካርቶን አነጠፍኩኝ፤ እግሯን አስቀመጠች፣
በእርሳስ ስዞረው ፊቷን መለሰች።

አንዱ «ዘር ነው» ሲላት፣ አንዱ «ድግምት ረግጣ»፣
ለልጇም በሷ ሰበብ ሽማግሌ ሲታጣ፣
የጤና ጣቢያዋ ልጅ ግን እንዲህ አለቻት፦
«አፈሩ ነው እማማ። ቀዩ። ጤፍ ያበቀለው፣
ግድግዳ የመረግሽበት፣ ልጅ ሆነሽ የቦረቅሽበት፤
በባዶ እግር ሰርጎ፣ ዓመት ቆጥሮ ነው ያሳበጠው።»

«ይድናል?»
«አይነቀልም። ግን ይገራል።
ማታ ማታ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙና፣ ጠብታ በረኪና፤
የጣቶቹን መሃል ማድረቅ፤ ቫዝሊን፤ ካልሲ፤ ጫማ።
አንድ ሰሞን አይደለም። ሁልጊዜ። እንደ ዳዊት ደገማ።»

እኔ የማውቀው ካርቶኔን ነው።
መጀመሪያ የሳልኩት ጣናን ያህል ይሰፋል፤
ዓመት ሲሞላ መጣች፣ በውስጡ ሁለተኛው ያልፋል፤
ሦስተኛው ጠበበ፣ ጣት የሚያህል።
ሐምሌ ላይ አገረሸባት፣ ሳሙናው አልቆባት ከርሞ፤
ሰፋ አለ መስመሩ። አልደበቅኩትም፤ ሳልኩት ደግሞ።

ትናንት ይዛ የመጣችው የዚያችኑ ልጇን ልጅ ነው፣
ገና «ወፌ ቆመች» የሚሉት።
በዚያው ካርቶን ላይ አቆመችው፤
እግሩ ከመስመሮቹ ሁሉ መሃል
የባቄላ ፍሬ ያህል።
«ሥራለት፣» አለችኝ፣ «ክረምቱ ሳይገባ።»
ገበያው ደርቷል። ቀሚሷን ሰብስባ
ወጣች፤
ጫማዋ ይታያል።