ሲባጎ

ነሐሴ ነው ሻርጃ፤ ጥላውን ያልበዋል፣
ክሪኩ የነካውን መዳፍ ይጠብሰዋል።
ሱሄይል መጣ ከሰናይያው አቧራ፣
ግራጫ መኪናው እንደ ኮርማ ሲያጓራ፣
በአራቱም እግሩ የሚጎትት፣ የሚገፋ፣
ከመብራት ላይ ሲነሳ ልብ የሚያጠፋ።

«የኋላዎቹ አለቁ፤ ሁለቱን ቀይርልኝ፣
ወፍራም ወፍራም ይሁን፤ ከሩቅ ያስፈራልኝ።»

ጉል ዘማን ባለሱቁ ዓይኑ በራ ያኔ፤
ሦስት መቶ አምስት በሠላሳ አቀበለኝ ለእኔ፣
ሁለት በጋ የተኛ፣ ገዢ ያጣ ጎማ፣
ሲወለውሉት ግን የሚመስል አዲስ ጫማ።

እኔ ሲባጎዬን ከኪሴ መዘዝኩ፤
ሱሄይል ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ።
ኮምፒውተር ባለበት፣ ሌዘር ባለበት አገር
በገመድ መለካት ምን የሚሉት ነገር?

ሞጆ ነው የተማርኩት፣ ከጋሽ ድንበሩ ዘንድ፣
ተሳቢ በሚቆምበት፣ ከጅቡቲ መንገድ።
የኋላውን መንታ ጎማ ጎን ለጎን ሲያስር
በዚሁ ሲባጎ ነበር ዙሪያውን የሚሰፍር፤
«አንዱ ካነሰ» ይላል፣ «ትልቁ ሸክሙን ብቻውን ይችላል፤
ትንሹ ይንሳፈፋል፤ አዋሽ ሳይደርሱ ትልቁ ይፈነዳል።»

እናም ስማኝ ሱሄይል፤ ዓረብኛዬ ጎርባጣ ነው፣
ነገሩ ግን እንደ ገመድ ሲወጥሩት ቀጥ ያለ ነው።
የፊቱ ጠበብ ያለ፣ የኋላው ሰፋ ያለ፣
ሲወለዱም እንዲሁ ናቸው፤ በወርድ ማን ምን አለ?
ዙሪያቸው ነው እኩል። አንዴ ሲሽከረከሩ
እኩል መሬት ጠቅልለው ነው የሚሻገሩ።

ይኼ ወፍራሙ ግን ቁመቱን አጉድሏል፤
በየዙሩ ስድስት ተኩል ሴንቲ ያንሳል።
ስድስት ሴንቲ ምንድን ነው? የትንሽ ጣት ርዝመት።
በኪሎ ሜትር ቁጠረው፤ ሠላሳ ሜትር ጠብ ነው ማለት።
እስከ ኮርፋካን ድረስ፣ ተራራውን ቆርጠህ፣
ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሆዷ ውስጥ አጣልተህ!
ማን ያስታርቃቸዋል? መሐል ያለች ፍሪሲዮን ናት፤
ዘይቷ ጠቁሮ፣ ሽምግልና ላይ ሳለች፣ ተቃጥላ ነው የምትሞት።
የሷን ዋጋ ጠይቅ፤ የጎማ ሒሳብ አይደለም፤
እኔ በሦስት ዓመት ደሞዜ አልደርስበትም።

ደግሞ ልኩን ባመጣልህም፣ የፊትህ ተበልቷል፤
አዲስና አሮጌውን ሲባጎ ያጋልጣል።
አራቱንም ነው እንጂ።

ጉል ዘማን በፓሽቶ አጉረመረመ፤ ባይገባኝም ገባኝ፤
የዚህ ወር ኮሚሽን ዓይኔ እያየ ሸሸኝ።

ስለ ወርድና ዙሪያ ሳወራ ተናኜ ትዝ አለችኝ።
አል ዓይን፣ ሰው ቤት ናት። ከእኔ እጥፍ ነው የምታገኝ።
ሰው ይለናል፦ እሷ ሰፊ፣ አንተ ጠባብ፣ እንዴት ገጠማችሁ?
እሷ ታወራለች፣ አንተ ትለካለህ፣ በምን ተስማማችሁ?
በወር አንድ ዓርብ አላት። ከአውቶቡስ ስትወርድ ሳያት
«ሠላሳውን ቀን እኩል ተንከባለን ነው የደረስነው» አልኳት።
«የጎሚስታ ፍቅር!» ብላ በቦርሳዋ መታችኝ፤
የአንድ ድርሃም ከረክ ሻይ በራሷ ገዛችልኝ።

ሱሄይል ዝም ብሎ ቆየና ጎንበስ አለ፤ ነካው፤
«ስጠኝ» አለ ሲባጎውን፤ በገዛ እጁ ለካው።
የፊቱን። የኋላውን። ወፍራሙን። ተሳሳተና ደገመ፤
ነጭ ካንዱራው ጥላሸት ጠጥቶ፣ ግድ ሳይለው ቆመ።
ከዚያ ምንም ሳይገዛ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።
ጉል ዘማን ወፍራሙን ሰቀለ፤ በእኔ ላይ ነደደ።

ይመለስ ይሆናል። ወይም ከጎረቤት ሱቅ
የሚስቅለት ያገኛል፤ እኔ በምን ልወቅ።

ማታ፣ የሱቁ ብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ሲወርድ
ኪሴን ዳበስኩ፤ የለም። ሌላኛውን ዳበስኩ።
ይዞት ሄዷል ለካ።

ከህንዱ ሱቅ አዲስ ጥቅል በሁለት ድርሃም አለ፤
ቋጠሮው ግን የጋሽ ድንበሩ እጅ ነበር።